ያቆምንበት ምዕራፍ

የእኔ ልብስ ስፌት ቤት የሚከፈተው ከጎረቤት ሱቆች ሁሉ ዘግይቶ ነው። ደንበኞቼ ይህን ስለሚያውቁ የቆርቆሮ በሩን አይደበድቡም፤ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። አዲስ ሰው መጥቶ "ሰፊው የለም እንዴ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ "አለ፣ ሚስቱ እያነበበችለት ነው" ይሉት ነበር። ሰውየው ማንበብ የማልችል ሊመስለው ይችላል። እችላለሁ፤ ግን በቤታችን የማንበቡ ሥራ የእሷ ነበር። ከሱቁ ኋላ ባለችው ሳሎን እሷ መጽሐፍ ቅዱሱን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፣ እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ እሰማለሁ። በቀን አንድ ምዕራፍ፣ ከዘፍጥረት ጀምሮ በተራ እስከ ራእይ፣ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና ከዘፍጥረት። ስንተኛው ዙር ላይ እንደደረስን የምታውቀው እሷ ናት።

ባለቤቴ እዚሁ ሶዶ አስተማሪ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች ብዙም አልሆናት። ከቦዲቲ ወዲያ ያለ ገጠር ተወልዳ ያደገች የወላይታ ልጅ ናት። የእኔ አባት ደግሞ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ አንድ የስፌት መኪና ተክሎ የቀረ ሰው ነው። በአባቴ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ይከበር ነበር እንጂ አይነበብም። ቃሉን የሰማሁት በሚስቴ አንደበት ነው። እስከ ዛሬም እግዚአብሔር ሲናገር ለእኔ ጆሮ የአስተማሪ ድምፅ አለው፣ ትንሽ የወላይታ ቅላጼ ያለበት። ልጅ ስላልወለድን ደግሞ በቤቱ ውስጥ ከእሷ ድምፅ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም፤ እኔ ብዙ አልናገርም፣ ስናገርም እነጫነጫለሁ።

መዝለል ክልክል ነው። ይህ የእሷ ሕግ ነው። አንዳንዱ ምዕራፍ እንደሚያሰለች ለእግዚአብሔርም በጸሎት ነግሬዋለሁ፣ እሱም አልተቆጣኝም፤ እሷ ግን ትቆጣለች። በተለይ ዘጸአት መጨረሻ ላይ ስንደርስ እንጣላለን። እግዚአብሔር ለሙሴ የድንኳኑን አሠራር ያዘዋል፤ መጋረጃው ይህን ያህል ክንድ፣ ጨርቁ ጥሩ በፍታ፣ ቀለበቱ ሰማያዊ። እሺ። ጥቂት ምዕራፍ አልፈን ስንሄድ ያው መጋረጃ፣ ያው ክንድ፣ ያው ቀለበት ተመልሶ ይመጣል።

"ይህንንማ አንብበነዋል" እላታለሁ።

"ያኔ ትእዛዙ ነበር" ትለኛለች መነጽሯን ወደ ላይ እየገፋች፤ "አሁን እየሰፉት ነው። አንተ ሰው ለክተህ ስታበቃ ልብሱ በራሱ ይሰፋል?"

ከዚያ ወዲህ መጋረጃው ሲሰፋ ዝም ብዬ እሰማለሁ። እንዲያውም አንዳንዴ ጣልቃ እየገባሁ፣ ይህን ያህል በፍታ በዛሬ ገበያ ሶዶ ውስጥ አይገኝም፣ ቢገኝም ቀለሙ ይለቃል እላታለሁ፤ እሷ ጣቷን ያቆመችበት ላይ አድርጋ እስክጨርስ ትጠብቀኛለች። ሰው ይህን ሲሰማ ምን ዓይነት አምልኮ ነው ይል ይሆናል። የእኛ እንዲህ ነበር።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የዳሞታ ተራራ ገና በጉም ተሸፍኖ እያለ፣ ያንኑ የሚሰፋበትን ምዕራፍ ጀምረን ነበር። የበፍታው መጋረጃ አልቆ የፍየል ጠጉሩ ላይ እንደገባን በሩ ተንኳኳ። ከጎናችን የሚኖሩት አዛውንት ማረፋቸውን ሊነግሩን የሰፈር ሰዎች መጥተው ነው። እዚህ አገር ለቅሶ ሲጠራ ነገ እመጣለሁ አይባልም። ባለቤቴ ቀዩን ክር ገጹ መሀል አስገብታ መጽሐፉን ዘጋችና ነጠላዋን አነሳች። ምዕራፍ መሀል ላይ አቋርጠን አናውቅም ነበር። "ስንመለስ እንጨርሰዋለን" አለች።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። እኔ ከወንዶቹ ጋር ነበርኩ። የሴቶቹ ጩኸት ሲለወጥ ሰማሁ፤ የለቅሶ ጩኸትና የድንጋጤ ጩኸት አንድ አይደለም። ስደርስ አጠገቧ የነበረችው ሴትዮ እቅፍ ውስጥ ነበረች፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ዓይኗ ግን እኔን ያያል። በባጃጅ ይዘናት ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ፤ አንደበቷ ተዘጋ። ወጣቱን ሐኪም፣ "የምንላትን ትሰማለች?" ብዬ ጠየቅሁት። "ልትሰማ ትችላለች፤ ብትሰማም ላትረዳ ትችላለች። አሁን ማወቅ አይቻልም፤ ብቻ አናግሯት" አለኝ። እጄን ጨብጪ ሲላት አንዳንዴ ትጨብጣለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች። ከእሱ የወሰድኩት ያችን "ማወቅ አይቻልም" የምትለዋን ቃል ነው። ቤት ስንገባም ቃሏ አብራኝ ገባች።

አልጋዋን ሳሎን አደረግነው፤ ሳሎኑን ለሁለት የሚከፍል መጋረጃ ስለነበረን ከመጋረጃው ጀርባ፣ ቀኝ ጎኗ ወደ ግድግዳው፣ ደህናው ግራ እጇ ወደ መጋረጃው ሆኖ ተኛች። ታላቅ እህቷ ከቦዲቲ አንድ ጆንያ ቦይና፣ ያው ጎደሬ፣ ተሸክመው መጡና እሷ እስክትድን አልሄድም አሉ። እትዬ ብርቱ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እህታቸውን "እሱ" ይሏታል። እኔን "ኢሻ" ይሉኛል፣ በቋንቋቸው ወንድሜ ማለት ነው። "ኢሻ፣ ዛሬ ሙቁን ሁሉ ጨረሰ!" ሲሉኝ፣ በዚያ ጊዜ ቤታችን ውስጥ ከዚያ የበለጠ ጥሩ ዜና አልነበረም።

ከዚያ ጠያቂው መጣ። እኛ ዘንድ አማኝ የታመመ ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ ከሙዙና ከወተቱ ጋር ቃል ይዞ ይመጣል። "ስጸልይልሽ ጌታ ይህን ቃል ሰጠኝ" ይላል፤ ይከፍታል፣ ያነባል፣ ይጸልያል፣ ሲወጣ ምዕራፉንና ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ባለቤቴ ራሷ ለስንቱ እንዲህ አድርጋለች። ለእሷ የመጣው ቃል ሁሉ ስለ መነሣት ነበር፤ አልጋውን ተሸክሞ የሄደው ሰው፣ ሞታለች ተብሎ የተለቀሰላት ልጅ፣ በቤተ መቅደሱ በር ተቀምጦ ይለምን የነበረው ሽባ። በአማርኛም በወላይትኛም ተነበበላት። አንዷ ደግሞ የተነበበ ወንጌል በሜሞሪ ካርድ አምጥታ በስልክ ከትራሷ አጠገብ ከፈተችላት። ግድግዳችን በወረቀት ተሞላ።

ባለቤቴ ግን አልወደደችውም። መጽሐፉ ገና ሲገለጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በግራ እጇ መጋረጃውን ትጨብጥና ትጎትተዋለች። ሰው በዝቶባት ነው፣ ዝጉልኝ ማለቷ ነው ብለን እንዘጋዋለን፤ እንደገና ትጎትታለች። አየር አንሷት ነው ብለን እንከፍተዋለን፤ እንደገና ትጎትታለች። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ይህች ሴት የሴቶች ጥናት ስትመራ የኖረች፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የምትታወቅ ናት። ቃል ሲነበብ ፊት ማዞር ምን ይሉታል? በሹክሹክታ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ሹክሹክታ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባም ይሰማል፤ የምትሰማ ከሆነ እሷም ሰምታለች።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ፣ ከሁሉ አብዝተው ይመጡ ነበር። ቅን ሰው ናቸው። አንድ ቀን ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር መጥተው ማንበብ ሲጀምሩ ባለቤቴ መጋረጃውን እንዲያ ጎተተችውና ዘንጉ ከነቀለበቱ ተነቅሎ ወደቀ። ሽማግሌው መጽሐፉን ዘጉ። "ወንድሜ፣ ይህ ሕመም ብቻ አይደለም" አሉኝ ቀስ ብለው። "ቃሉን የሚቃወም ነገር አለ።" ከዚያ እጃቸውን ግንባሯ ላይ ጭነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይገሥጹ ጀመር፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከግራ ዓይኗ እንባ ወረደ።

"ጋሼ፣ ይብቃ!" አልኩ። እንዲያ ጮኼ የማውቅ አይመስለኝም። "ሚስቴ ታማለች። ሌላ ምንም የለባትም። ውጡልኝ!"

ወጡ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። ሽማግሌ ከቤት ማስወጣት ቀላል ነገር አይደለም፤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ።

ከወጡ በኋላ የመጋረጃውን ዘንግ መልሼ ሰቀልኩ፤ ግን ፈራሁ። ሽማግሌው የፈሩትን ሳይሆን የራሴን ፍርሃት ነው የፈራሁት። ምናልባት እሷ በውስጥ አለች፣ ሁሉን ትሰማለች፣ እግዚአብሔርንም አልፈልግህም ብላዋለች። ዕድሜዋን ሁሉ ቃሉን በየማለዳው ያነበበች ሴት አንደበቷን ሲወስድባት ምን ትበለው? እንደዚያ ከሆነ እኔስ ምን ቀረኝ? የእኔ እምነት ከእሷ ድምፅ ጋር የተሰፋ ነው፤ እሱ ሲተረተር ይኼኛውም ይተረተራል። ወይም ደግሞ ከዚያ የከፋው ነው፤ እሷ የለችም፣ የሚጎትተው እጇ ብቻ ነው። ከእግዚአብሔር የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ትራመድልኝ አላልኩም። መኖሯን ልወቅ፣ ካለችም አሁንም ከእኔና ከቃሉ ጋር መሆኗን ልወቅ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ማለዳ ራሴ ሞከርኩ። መጽሐፉን እንደማንም ጠያቂ ከፍቼ፣ ያው የፈውስ ቃል መርጬ አነበብኩላት። በደህናው እጇ መጽሐፉን ገፋችው። መሬት ወደቀ። አንስቼ አቧራውን አራገፍኩና ወደ ሱቁ ገባሁ። ተናድጄባት ነበር፤ በታመመ ሰው መናደድ ነውር ነው ግን ተናድጄ ነበር።

የሻንቶ ሰው የሆነች ደንበኛ የልጇን ሠርግ ልታደርግ ነውና ለቤቷ መጋረጃ ልታሰፋ መጣች። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እየለካሁ ነበር። "ለዚህ ስንት ቀለበት ይበቃዋል?" አለችኝ። ሜትሩ እጄ ላይ እንዳለ ቆምኩ። ቀለበት። መጋረጃ። ያን ቀን ለቅሶ ሲጠሩን የት ነበርን? የፍየል ጠጉሩ ላይ። ስንመለስ እንጨርሰዋለን ብላ ነበር። እኛ ግን አልጨረስንም፤ ያን ያህል ሰው ሲመጣ፣ ያን ያህል ቃል ሲነበብ፣ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነበራችሁ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። አብሬያት የሰማሁት እኔ ነኝ፣ መጋረጃ ስሰፋ የምውለው እኔ ነኝ።

ሴትዮዋን "አንዴ" ብዬ ትቻት ገባሁ። መጽሐፉን ወስጄ ቀዩ ክር ያለበት ላይ ከፈትኩ። ባለቤቴ ክሩን አይታ ይሁን እኔን አይታ አላውቅም፣ ፊቷን አላዞረችም። መጋረጃውን እንደ ልማዷ ጨብጣዋለች። ከመሀሉ ጀመርኩ፤ የፍየል ጠጉሩ መጋረጃ፣ መያዣዎቹ፣ ከላይ የሚደረበው ቁርበት። የእኔ ንባብ የልጅ ንባብ ነው፤ ቃል እጎርሳለሁ፣ መስመር ይጠፋብኛል። ጨርቁ አልቆ ሳንቃዎቹ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋት። እጇ መጋረጃውን ለቆ ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቷል።

ይህም በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል አልኩ። ደግሞ መላልሶ መታለል አልፈለግኩም። ስለዚህ አውቄ ጥቂት ቁጥሮች ዘለልኩና ከታች ጀመርኩ።

በእጇ አልጋውን መታችው።

ተመለስኩ፣ የዘለልኩትን አነበብኩ፤ ዝም አለች። ትንሽ ቆይቼ እንደገና ዘለልኩ፤ እንደገና መታች፣ አሁን ደግሞ ከአልጋው አልፋ ክንዴን ነው የመታችው፣ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደምትገሥጽበት ዓይነት። መጽሐፉን ጭኔ ላይ ትቼ አለቀስኩ። ድምፄን ሰምተው እትዬ ከጓሮ ሮጠው ገቡ። "ምን ሆነ? ሞተ?" አሉ።

"አለች እትዬ" አልኳቸው። "አለች! መዝለል አትወድም።"

እትዬ አልገባቸውም፤ ግን አብረውኝ አለቀሱ። ደንበኛዬ ደግሞ የሱቁን በር ይዛ ቆማ ታየን ነበር። ያን ቀን መጋረጃዋን አልሰፋሁላትም፣ እሷም ቅር አላላትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንባቢው እኔ ሆንኩ። ሱቁም እንደ ድሮው ዘግይቶ መከፈት ጀመረ። የካህናቱ ልብስ የሚሰፋበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ፣ ቀሚሱ አንገቱ እንዳይቀደድ ዙሪያውን ጥብቅ ጠርዝ እንደተደረገለት የሚል አለ። ስንት ጊዜ ሰምቼው አልፌዋለሁ፤ ራሴ ሳነበው ግን ቆምኩ። "ይኼማ የእኔ ሥራ ነው" አልኳት። "አንገት ላይ ክፈፍ ካልገባ በሁለት አጠባ ይተረተራል። ማን እንደሰፋው እንጃ እንጂ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው።" የአፏ ግራ ጎን ትንሽ ከፍ አለ። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ሽማግሌውን ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ነገሩን ስነግራቸው መሬት መሬት ያዩ ነበር። "እኔ የራሴን ቃል ይዤ እመጣ ነበር" አሉ መጨረሻ ላይ። "ለካ እሷ የራሷ ነበራት።" በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡና፣ "የት ደረሳችሁ?" አሉ። እንዳጋጣሚ ደርሰንበት የነበረው ዘሌዋውያን ውስጥ ካህኑ የቆዳ ቁስል የሚመረምርበት ያ ረጅሙ ምዕራፍ ነበር። እብጠቱን፣ ቋቁቻውን፣ ነጭ የሆነውን ጠጉር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበቡላት፣ ላብ በግንባራቸው እየወረደ። የታመመች ሴት ጠይቆ እንዲህ ያለ ነገር ያነበበ ሽማግሌ ወላይታ ውስጥ ከእሳቸው በቀር ያለ አይመስለኝም። ባለቤቴ እስከ መጨረሻው ዓይኗን ከእሳቸው አልነቀለችም። ሲጨርሱ እጃቸውን ጨበጠች።

ወሬው እንደ በፊቱ ገበያ ደረሰ፣ አሁን ግን ደግ ሆኖ። ጠያቂ ሁሉ "የት ደረሳችሁ?" እያለ መግባት ጀመረ። የሚደርሰውን ይወስዳል፤ አንዱ መሥዋዕት፣ አንዱ የበዓላት ሥርዓት ይደርሰዋል። በወላይትኛ የሚያነብም በአማርኛ የሚያነብም ከቆምንበት ይቀጥላል። ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች እትዬ አውልቀው በጥንቃቄ አስቀመጧቸው፤ በፍቅር የመጡ ስለሆኑ መጣል አልሆነላቸውም።

ፊዚዮቴራፒ ስትመላለስ እግሯ ትንሽ ተፍታታ፤ በእትዬ ትከሻ ተደግፋ እስከ ጓሮ ትደርሳለች። አንደበቷ ግን አልተመለሰም። ከእጇ ጋር ተለማመድን፤ አዎ ስትል እጄን ትጨብጣለች፣ አይደለም ስትል እጇን ትነጥቀኛለች። ሙቅ? ጭብጥ። ልብስ ልጨምርልሽ? ንጥቅ። እንዲህ እያልን ከቀን ወደ ቀን ብዙ ነገር መነጋገር ቻልን። አንድ ጥያቄ ግን አልጠየቅኳትም። መኖሯን አውቄያለሁ። ከእኔ ጋር መሆኗንም አውቄያለሁ። ከእግዚአብሔር ጋር ምን ላይ እንዳለች ግን አላወቅኩም፤ ቃሉን በተራ መስማት መፈለግ ሰላም መሆን ማለት አይደለም። መልሱን ስለፈራሁ በየማለዳው አንብቤ፣ ጸልዬ፣ ሱቄን እከፍት ነበር። ጸሎቱንም የምጸልየው ስለ ሁለታችን ነበር፤ አሜን ማለቷን ግን በምን ላውቅ?

ዘኍልቍ ውስጥ ሕዝቡ በምድረ በዳ መና ሰልችቶት ሥጋ አማረን እያለ የሚያለቅስበት ቦታ ላይ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ነበር። እትዬ ጓሮ ልብስ ያጥባሉ። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ሰምቼ አልፌ አውቃለሁ። ከዚያ ግን ሙሴ ራሱ ይጀምራል። ባሪያህን ለምን በደልክ ይለዋል እግዚአብሔርን፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ እኔ ነኝ ወይ የፀነስኩት፤ እንዲህስ ከምታደርገኝ ግደለኝ። ጣቴ መስመሩ ላይ እንዳለ ንባቡን አቆምኩ። ቀና ስል እያየችኝ ነው። ዓይኗ ያን ለቅሶ ቤት ያየኝ ዓይን አይደለም፤ የሚጠብቅ ዓይን ነው።

መጽሐፉን ሳልዘጋ እጇን ያዝኩ።

"አንቺ" አልኳት። "ተቀይመሽዋል? እግዚአብሔርን?"

ጓሮ የእትዬ ልብስ ሲጨመቅ ይሰማል። ልትነጥቀኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ እንድትነጥቀኝ ጸለይኩ ማለት ይሻላል። እሷ ግን እጄን ጨበጠችው። በስህተት ነው እንዳልል ረጅም ጊዜ ይዛ አጥብቃ ጨበጠችው፤ ያን ያህል ጉልበት እንዳላት አላውቅም ነበር።

ሽማግሌው ቢሆኑ ምን ይሏት ነበር? እኔስ ምን ልበላት? እግዚአብሔር እንዲህ አይባልም ልበላት? ያን ያህል ዘመን ያነበበችልኝ እሷ፣ የምታውቀው እሷ። ደግሞ ውሸታም እሆናለሁ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ አፏ ዞሮ ካየሁበት ሰዓት ጀምሮ በየማለዳው የምጸልየው ጥርሴን ነክሼ እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሴም አልተናገርኩም ነበር።

"እኔም" አልኳት።

እጇን ቀስ ብላ ከእጄ አወጣች። ወደ መጽሐፉ ዘረጋችና ጣቴን ያቆምኩበት መስመር ላይ አሳረፈችው፣ ከዚያ መታ መታ አደረገችው። ቀጥል ማለቷ ነው። እንባዬን በሜትሬ ጫፍ ጠርጌ፣ እግዚአብሔር ለሙሴ የመለሰለትን አነበብኩላት።